ሃምሳ ፓውንድ ያላት ሴት

ኦልድ ፎርድ፣ ኒው ጀርሲ
ስምንተኛው ወር፣ 7ኛ ቀን፣ 1797

ኢኖክ ስትሬተን እንጋባ አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩት።

ይኸው ተናገርኩት፣ አሁን ልቤ ረጋ። እትዬ መርሲ፣ ቁጭ በይና ሰላምታውን ደግሞ በወጉ ተቀበይ። እንደምን ከርመሻል? የባልሽ የቶማስ ጉልበት ሻል አለው? ሬድስቶን ዘንድሮ ዝናብ አገኘ ወይስ አሁንም ሰማዩን እያያችሁ ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻ አይደለሁም፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ድመቷ ደንግጣ ወጣች።

«በየደብዳቤሽ የምታነሺው ወፍጮ ቤት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ ይኼው ነው። ወፍጮ ቤቱ የኢኖክ ነው። ሚስቱን ከቀበረ አምስት ዓመት ሆነው፤ እኔም ኔታንን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ዝም ያለ ሰው ነው፣ ግን ዝምታው ጥርስ አለው። ባለፈው ሳምንት ስንዴ ይዤ ስሄድ ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ሆኖ ወጣና ጆንያውን ዓይቶ፣

«ታቢታ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ይኼን ሁሉ ስንዴ አትበላም» አለኝ።

«ዶሮዎቼ ይበላሉ» አልኩት።

«ዶሮዎችሽ ዱቄት ነው የሚበሉት?»

«የእኔ ዶሮዎች ጨዋዎች ናቸው።»

ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲያው ስንዴውን ለዶሮዎቹ ተዪውና አንቺ ብቻሽን ነዪ። በየሳምንቱ ሰበብ ከምትሸከሚ እዚሁ ብትኖሪ ይሻላል» አለኝ። እንዲህ ተብዬ ተጠየቅኩ። ኔታን ነፍሱን ይማረውና በመጽሐፍ ቃል ነበር የጠየቀኝ፤ እኔ ግን ይኼኛውን ወደድኩት።

አሁን ወደማያስቀው ልምጣ። የእኛን የወዳጆች ማኅበር የእምነት ወግ ታውቂዋለሽ፣ ጋብቻ ያሰቡ ሰዎች በሁለት ተከታታይ ወርኃዊ ጉባኤ ፊት ቆመው ሐሳባቸውን ካልተናገሩ ሠርግ የለም። ኢኖክ በዚህ ወር እንጀምርና በቆሎው ሳይታጨድ እንጋባ አለ። እኔ ደግሞ አይሆንም፣ በዘጠነኛው ወር እንጀምር፣ ሠርጉም ከምርጫው በኋላ ይሁን አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ መሳቁን ተወ።

«ለምርጫ ብለሽ ነው ሠርግ የምታዘገዪው?»

«ለምርጫ ብዬ ነው።»

«ሰው በበረዶ ምክንያት ሲያዘገይ ሰምቻለሁ፣ በጎርፍም ሰምቻለሁ» አለና ወደ ወፍጮው ድንጋይ ተመለሰ። አልተቆጣም። ግን አልሳቀም።

አንቺ ከተራራው ማዶ ከሄድሽ ቆይተሻልና የእኛን ግዛት ነገር ረስተሽው ይሆናል። ያኔ በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩ አፍ ላይ ቆመው፣ እነዚያ ሰዎች ተሰብስበው በጥድፊያ ሕገ መንግሥት ሲጽፉ፣ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው ለሚለው «ሃምሳ ፓውንድ ያላቸው ነዋሪዎች ሁሉ» ብለው ጻፉ። ወንዶች አላሉም። ኔታን እርሻውን በኑዛዜ ለእኔ ተወው፤ እንግዲህ ነዋሪ ነኝ፣ ሃምሳ ፓውንዱም አለኝ፣ ከዚያም አልፎ ሦስት ላሞች። ሕጉ በግልጽ «እሱ ወይም እሷ» ማለት ከጀመረ ወዲህ አንድም ምርጫ አልቀረብኝም። ስሜ ሲጠራ፣ ዳኛው «ታቢታ ኤቨንስ» ሲል፣ እኔ ወደ ሳጥኑ ስራመድ ያለውን ስሜት ልነግርሽ አልችልም። በትምህርት ቤታችን ንባብ ጎበዝ ተብዬ ስጠራ ከተሰማኝ ይበልጣል።

ያገባሁ ዕለት ግን እርሻው የኢኖክ ነው። ላሞቹም፣ ሃምሳ ፓውንዱም የእሱ ናቸው። ንብረት የሌለው ሰው ደግሞ የራሱ ፈቃድ የለውም ይላሉ፤ የራሱ ፈቃድ የሌለው ሰው የጌታውን ድምፅ ነው የሚደግመው፣ እንዲህ ያለ ሰው የበዛበት አገር ነጻ አይሆንም ይላሉ። ነገሩ ለሌላ ሰው ሲነገር ጥሩ ይመስላል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

እህትሽ ታቢታ


ሬድስቶን፣ ፔንሲልቬንያ
ስምንተኛው ወር፣ 28ኛ ቀን

ውድ ታቢታ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቶማስ ከብት ሊያይ ወጥቶ ስለነበር ብቻዬን አነበብኩት፣ መልሱንም ብቻዬን ነው የምጽፈው። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። የእንባ ጠብታ ካየሽ የደስታ ነው፣ ቢያንስ አብዛኛው።

የታችኛውን መስክ ለምን እንዳላነሳሁልሽ ቀደም ባለው ደብዳቤሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ተሸጧል። መሸጡን የሰማሁት ከጉባኤ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከገዢው ሚስት ነው። «ስንዴ ልንዘራበት ነው፣ አፈሩ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። አባታችን ለእኔ የሰጠኝ መስክ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቶማስ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ምክር ጠየቅሽኝ። አግቢው። በአርባ ሰባት ዓመቷ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን የምትስቅ ሴት ማግባት አለባት። ከምርጫው በኋላ ካልሽም ከምርጫው በኋላ ይሁን፤ በጥቂት ሳምንት የሚሞት ፍቅር ከሆነ ቀድሞ ቢሞት ይሻላል።

ግን አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ። ድሮ ምርጫ በመጣ ቁጥር ማንን እንደምትመርጪ ከእነምክንያቱ ገጽ ሙሉ ትጽፊልኝ ነበር። ዘንድሮ ስለ ላሞችሽ ጻፍሽ፣ ስለ ተወዳዳሪዎቹ አንድ ቃል የለም። ማንን ነው የምትመርጪው? ኢኖክስ ያውቃል? ሁለቱንም መልሽልኝ፣ አንዱን ብቻ መልሰሽ እንዳትሸሺ።

መርሲ


ኦልድ ፎርድ
ዘጠነኛው ወር፣ 18ኛ ቀን

እትዬ መርሲ፣

ጆብ ታነርን። አያውቅም።

ይኸው ሁለቱንም መለስኩ። እንደ ሕፃን ጆሮዬን የያዝሽኝ ያህል ተሰማኝ። ስለ መስኩ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ወጥቼ አጥሬን ዞርኩት። ሌላ ምንም አልልም፣ አንቺም ከዚህ በላይ አልጽፍም ብለሻልና።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ለምክር ቤቱ የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አሞስ ኤቨንስ ነው፣ የኔታን ወንድም፣ አማቼ። ታስታውሺዋለሽ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ጠመንጃ አንስቶ ወዳጆች ከጉባኤ ያወጡት። ካፒቴን ሆኖ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ «ነጻነት» የሚለውን ቃል እንደሱ አሳምሮ የሚናገር በአካባቢያችን የለም። ሲናገር እኔ ራሴ ቆሜ እሰማዋለሁ። ሕዝብ ጨዋነት ከሌለው ሕገ መንግሥት ወረቀት ነው ይላል፣ እውነቱን ነው። ንግግሩን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ግን እራቱን የምታቀርብለት ዶርካስ ናት፤ ዶርካስ ደግሞ የገዛት ባሪያው ናት።

ጆብ ታነር ቆዳ ፋቂ ነው፣ ንግግሩ አሰልቺ ነው፣ ይንተባተባል። ግን ከተመረጠ ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ከዚህ በኋላ ነጻ ይሁን የሚለውን ሕግ እደግፋለሁ ብሎ ፈርሟል። ዶርካስ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ በበረዶው ወራት ትወልዳለች። እንቁላል ላደርስ ስሄድ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። «ሰዎቹ መቼ ነው የሚመርጡት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ለእኔ ብዬ አይደለም የጠየቅኩት» አለችና የአሞስን ሸሚዝ ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለች።

እንግዲህ ለማን እንደምመርጥ ገባሽ።

ኢኖክ ግን ከአሞስ ጋር ነው። ባርነት ወዶ አይደለም፣ እንዲያውም ስኳር በሻዩ አይጨምርም፣ በባሪያ እጅ የተመረተ ነው ብሎ። ግን አሞስ በወፍጮ ቤቱ ጅረት ላይ ድልድይ አሠራለሁ ብሏል። ባለፈው ጸደይ ወንዙ ሞልቶ አንድ ጋሪ ከእነ ፈረሱ ወስዷል። «ድልድዩ ለሁሉም ነው፣ ሕጉም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ ይመጣል» ይላል ኢኖክ። እኔ የምመርጠውን ጠይቆኝ አያውቅም። እንደሱ የምመርጥ መስሎታል፤ ወይም እንደዚያ የመሰለው መስሎኛል። ዝም ማለት ውሸት አይደለም፣ አይደለም እንዴ?

በአሥራ አራተኛው ቀን በጉባኤ ፊት አብረን ቆመናል። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥሎ እንደ ወጉ ሁለት በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች እኔን ሊጠይቁ ተላኩ፣ ከሌላ ሰው ጋር ቃል የለሽም ወይ ብለው። የለኝም አልኳቸው። አንደኛዋ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «ሠርግሽን ለዓለም ምርጫ ብለሽ እንዳዘገየሽ ሰማን» አለች። «የዓለም ምርጫ የሚያወጣው ሕግ የእኔንም ቤት ያንኳኳል» አልኳት። ተያዩ። ኬኩን ግን ጨርሰው ነው የሄዱት።

ከሁሉም የከፋው አሞስ መምጣቱ ነው። ባርኔጣውን አንስቶ፣ «ወይዘሮ ታቢታ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ፣ እኛ እንዲህ ያለ ማዕረግ እንደማንወድ እያወቀ።

«ግባ፣ አሞስ» አልኩት።

«የወንድሜ እርሻ ለወፍጮ ቤት ሊሄድ ነው አሉ።»

«ወንድምህ ለእኔ ነው የተወው።»

«አውቃለሁ። ስለሱ አይደለም የመጣሁት።» ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «ምርጫው ዕለት አትድከሚ ልልሽ ነው። በጉባኤያችሁ ፊት ቆመሽ ኢኖክን አገባለሁ ብለሻል። ከእንግዲህ ፈቃድሽ የእሱ ነው። እሱ ደግሞ የሚመርጠው እኔን ነው፣ ስለዚህ ድምፅሽ ገና ሳትወጪ ተሰጥቷል። ከመጣሽ ግን ተቃውሞ አቀርባለሁ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲመርጥ አልተዋጋሁም።»

«ለምን ተዋጋህ ታዲያ?»

ፈገግ አለ። «አንቺ እንዲህ ቁጭ ብለሽ እንድትጠይቂኝ» አለና ወጣ።

መርሲ፣ ይኼ ሰው ሞኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

ታቢታ


ሬድስቶን
አሥረኛው ወር፣ 3ኛ ቀን

ታቢታ፣

የእኛ ሰፈር ወዳጅ ወደ ፊላደልፊያ ሊሄድ ፈረሱን እየጫነ ነው፣ ስለዚህ አጭር ነው።

ለኢኖክ ንገሪው። ከምርጫው በፊት፣ ፊት ለፊት፣ ማንን እንደምትመርጪና ለምን እንደሆነ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቶማስም አልዋሸኝም። ዝም ብሎ ነው የሸጠው።

ይኼን ካነበብሽ በኋላ ደብዳቤውን አቃጥዪው።

መርሲ


ኦልድ ፎርድ
አሥረኛው ወር፣ 11ኛ ቀን

እትዬ መርሲ፣

ከአንቺ ምንም አልደረሰኝም። ፖስተኛው ዛሬ ስለሚያልፍ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ፣ መጨረሻውን ግን እኔም አላውቀውም።

ትናንት ምርጫ ነበር። መጠጥ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው የፖም ጠጅ በበርሜል፣ ልጆች እግር ሥር። መበለቶች ነበርን አራት፣ አንዲት ያላገባች የትምህርት ቤት አስተማሪም። ኢኖክ ትንሽ ከኋላዬ ተሰልፏል። ከሩቅ ባርኔጣውን ነካ አደረገልኝ፤ እኛ ወዳጆች ለንጉሥም አናወልቅም፣ ነካ ማድረጉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የታጠፈው ወረቀቴ ጓንቴ ውስጥ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነገርኩትም። በዋዜማው እራት በልቶ ሲሄድ ከደጃፍ ልጠራው አፌን ከፍቼ «መንገዱ ጨቅይቷል፣ ተጠንቀቅ» ብዬ ዘጋሁት።

ስሜ ተጠራ። ሁለት እርምጃ እንኳ ሳልሄድ አሞስ ተነሣ። «ተቃውሞ አለኝ» አለ።

የምርጫው ዳኛ ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር በጩኸት ነው የተባለው።

«ባል አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም። ሞቷል፣ አንተም ቀብሩ ላይ ነበርክ።»

«ታጭተሻል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ስሙ» አለ አሞስ፣ ለሕዝቡ ዞሮ። «እነዚህ ወዳጆች በፍርድ ቤት አይምሉም። ለምን? ቃላችን ራሱ እንደ መሐላ ነው ይላሉ፣ ሕጋችንም አክብሮላቸዋል። ይቺ ሴት ባለፈው ወር በጉባኤያቸው ፊት ቆማ ኢኖክ ስትሬተንን አገባለሁ ብላለች። ቃሏ የሚያስር ከሆነ ሚስት ናት፣ ድምፅ የላትም። የማያስር ከሆነ ደግሞ ዛሬ ሃምሳ ፓውንድ አለኝ ብላ የምታረጋግጠውን ለምን እናምናለን? አንዱን ትምረጥ።»

የተነገረው እኔን ብቻ የሚነካ አይደለም፣ እዚያ የቆምነውን ወዳጆች ሁሉ ነው፤ አንዳንዶቹ እኔን በቁጣ ሲያዩኝ ታየኝ። እኔ ግን ያልኩትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ነበር።

«ላገባው አስባለሁ ነው ያልኩት» አልኩ። «አግብቼዋለሁ አላልኩም። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የሚያቆሙን፣ ሰው መሐል ላይ ሐሳቡን መለወጥ እንዲችል። ቃሌ ያስረኛል፣ ያልኩትን ያህል ነው የሚያስረኝ።»

ዳኛው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

«ይሁን» አለ አሞስ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ሕጉን ተወው። ሰዎቹ ግን ሃምሳ ፓውንድ ያሉት ለምን ነበር? ገንዘብ ወደው አይደለም። በሌላው እጅ የምትኖር ነፍስ የራሷ ፈቃድ ስለሌላት ነው። ያ ወረቀት የማን ፈቃድ ነው? የወፍጮ ቤቱ ዱቄት አለበት ብዬ እወራረዳለሁ።»

ሰዎች ሳቁ። ዳኛው አልሳቀም። «ወረቀቱን ማን ጻፈው?» አለኝ፣ እጁን በሳጥኑ አፍ ላይ አድርጎ። እጁን አላነሳም፣ መርሲ። የማያነሳም መሰለኝ።

አጥፎ መስጠት መብቴ ነው። አጥፌ ብሰጥ ግን እጁ እዚያው ሊቀር ነው። ከጓንቴ አወጣሁና ዘረጋሁት፣ ከፍ አድርጌ ለደንቆሮም እንዲሰማ አድርጌ አነበብኩት። ጆብ ታነር።

ከበርሜሉ አጠገብ አንዱ፣ «ካፒቴን፣ ይኼ የኢኖክ ፈቃድ ከሆነ ወዮልህ» አለና ሳቁ ወደ ሌላ ወገን ዞረ። ዳኛው እጁን አነሳ። ወረቀቱ ገባ።

ኢኖክን ለማየት ዞርኩ። ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎታል። ከሰልፉ አልወጣም፣ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠ። ከዚያ በአጠገቤ፣ ክንዱ ክንዴን ሊነካኝ ደርሶ አለፈ፣ ፈረሱን ፈታ፣ ሄደ።

ነገ ጉባኤ ነው፤ ሁለተኛው። አብረን ካልቆምን ነገሩ እዚያው ይቀራል፣ ማንም ምክንያት አይጠይቅም፤ ወጉ እንዲህ ነው። ያን ወግ ትናንት ለሕዝብ አስረዳሁት፣ መሐል ላይ ሐሳብ መለወጥ ይቻላል ብዬ።

የወጣሁበት በር ይኼ ነው፣ ምናልባት እሱም የሚወጣበት።

ታቢታ


ኦልድ ፎርድ
አሥረኛው ወር፣ 14ኛ ቀን

መጣ።

እትዬ መርሲ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለቶማስም ጭምር፣ ዛሬ ለሁሉም ነኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ። አንብቤ እንዳልሽው አቃጠልኩት። እውነቱን ነበር የጻፍሽው። ቀድሞ ቢደርሰኝ እታዘዝሽ ነበር ልልሽ እፈልጋለሁ፣ ግን እኔን ታውቂኛለሽ፤ ምናልባት ደብዳቤውን ይዤ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንደገና ስለ ጭቃው እነግረው ነበር።

ጉባኤው ዕለት ከሴቶቹ ወገን ተቀመጥኩ። በእኛና በወንዶቹ መካከል ያለው የሳንቃ መከለያ ወርዷል፣ ማን እንደመጣ አይታይም። የጉባኤው ጸሐፊ የሁለታችንን ስም አነበበ። ተነሣሁ። በሩን አልፌ ወንዶቹ ወገን ስገባ ኢኖክ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መሬቱን ያያል። ሁሉም እሱን አዩት። እኔም አየሁት።

ቀስ ብሎ ተነሣ፣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ሐሳባችን እንደነበረ ነው» አለ። እኔም ደገምኩት። ነጻ ናችሁ፣ ተጋቡ አሉን።

ወጥተን መንገዱን በእግር ይዘን ብዙ ሄድን። በመጨረሻ፣

«ድልድዩ ነው?» አልኩት።

«ድልድዩን ውሃ ይውሰደው።»

«ገና ሳይሠራ?»

አልሳቀም። «ጆብን መምረጥሽ አይደለም» አለ። «እዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ፣ ከእነዚያ ሰካራሞች ጋር እኩል መስማቴ ነው። ከፊቴ የቆመው አናጢ ዞሮ ፊቴን አየኝ፣ ማወቄን ሊያይ። አላውቅም ነበር።»

«ብነግርህ ትከለክለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እከራከርሽ ነበር። መከራከር አይፈቀድልኝም?»

«ይፈቀድልሃል።»

«እየተሸነፍኩም ቢሆን?»

«እየተሸነፍክም ቢሆን። እሱ የግድ ነው።»

ያኔ ሳቀ፣ ትንሽ፣ በአፍንጫው። ከዚያ ከበድ ያለ ነገር ተናገረ። «እኔ ሃምሳ ፓውንድ ስላለኝ ፈቃድ አለኝ ብዬ ነበር የማስበው» አለ። «አንቺ ግን የሚጎዳሽን ስታነቢ አየሁሽ። እኔ የሚጎዳኝን መርጬ አላውቅም።» ለማን እንደሰጠ አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን አጥፎ ሲሰጥ አይቼዋለሁ፣ አጥፎ መስጠት መብቱ ነው። ወደፊትም አልጠይቀውም፣ ይኼን እንድችል ጸልዪልኝ።

ጆብ አሸንፏል። በእኛ ወረዳ አሞስ በለጠው፣ በመላው አውራጃ ግን ጆብ። አሞስ እጁን ጨብጦ እንኳን ደስ አለህ አለው፣ በሥርዓት፣ ጦር ሜዳ ላይ እንደተማረው። አሁን ግን በየመጠጥ ቤቱ «ነዋሪዎች የሚለው ቃል በጥድፊያ የገባ ስህተት ነው፣ ይስተካከላል» እያለ ነው አሉ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ያላረመው ስህተት ነው እንግዲህ። ሕጉ መቼ እንደሚወጣ ጆብም አያውቅም፤ ምናልባት የዶርካስ ልጅ ቀድሞ ይወለድ ይሆናል። ይኼን ስጽፍ ደስታዬ መሐል ላይ ይቆማል፣ እንዲቆም እተወዋለሁ። ትናንት ዶርካስን አግኝቻት «አሸነፈ» ስላት፣ «አውቃለሁ፣ ጌታዬ በሩን እንዴት እንደዘጋው ሰምቻለሁ» አለችኝ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

እርሻውን በተመለከተ፣ ሳልጠይቀው ኢኖክ ራሱ ነው ያነሣው። ከሠርጉ በፊት ጠበቃ ዘንድ ሄደን በባለአደራዎች እጅ ይሁን፣ ያለ አንቺ ፈቃድ አንድ ክንድ መሬት እንዳይሸጥ አለ። ትናንት ሄድን። ጠበቃው እርሻው ይጠበቃል፣ ድምፁ ግን አይጠበቅም አለ፤ ባል ያላት ሴት ባለአደራም ቢኖራት ወደ ሳጥኑ አትቀርብም። ኢኖክ ጠበቃውን ትንሽ ተሟገተው። ተሸነፈ። ስንወጣ፣

«የመጨረሻሽ ነበር ማለት ነው» አለኝ።

«አውቄ ነው ያነበብኩት» አልኩት። አውቄ ነበር፣ መርሲ። ለዚህ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት።

እንግዲህ ሠርጉ። አንቺ ነሽ የምትመጪው፣ ደብዳቤሽ አይደለም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ የቶማስ ጉልበት ነው፣ ከብቱ ነው እንዳትዪኝ፤ ቶማስን ከእነጉልበቱ አምጪው። የጋብቻ ወረቀታችን ይነበባል፣ እኛ ከፈረምን በኋላ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በተራ ሄዶ ስሙን ይጽፋል። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ባል ያላትም የሌላትም፣ ብዕር መያዝ የቻለ ልጅም። ሃምሳ ፓውንድ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዶርካስን ጠርቻታለሁ፤ አሞስ ይፈቅድ አይፈቅድ እንጃ፣ ስለዚህ አሞስንም ጠራሁት፣ እሷን ትቶ ለመምጣት ያፍራል ብዬ። ስሟን መጻፍ እያስተማርኳት ነው። የአንቺ ስም ደግሞ ከኔ ቀጥሎ ይሆናል፣ በራስሽ እጅ፣ በትልቁ።

አሥራ አንደኛው ወር፣ አሥራ ስድስተኛው ቀን ነው፣ ዓለም ሐሙስ በሚለው፣ በኦልድ ፎርድ ጉባኤ ቤት፣ ረፋዱ ላይ። ሁላችሁም ኑ።